የጋማ ከብት ሐኪም ያጣው ሥራ ሳይሆን ከፋይ ነው

የእንስሳት ሕክምና የተመደበ ተማሪ «እኔ እንዲያውም በፈረስና በአህያ ሕክምና ነው መሠልጠን የምፈልገው» ቢል ቤተሰቡ የሚያነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ለአህያ ማን ብር ያወጣል?» አጎት ካለ ደግሞ ይጨምርበታል፦ «ባጃጁና አይሱዙው አገሩን ሞልቶት አህያና ጋሪ እስከ መቼ ሊዘልቁ ነው?» ጥያቄዎቹ ለልጁ ከማሰብ የመጡ ናቸውና አልንቃቸውም። ነገር ግን ሁለቱም ከተሳሳተ ግምት ይነሣሉ። የመጀመሪያው ባለ አህያው መክፈል ካቃተው ሌላ ከፋይ የለም ይላል። ሁለተኛው ሞተር በገባበት ሁሉ የጋማ ከብት ይወጣል ይላል። በእኔ እምነት የጋማ ከብት ሐኪም በኢትዮጵያ የሚሠራው ሥራ ሞልቶ ተርፎታል፤ ለብዙ ዓመታትም አያልቅበትም። የጎደለው የሕክምናውን ዋጋ የሚሸፍን አካል ነው። ዋጋውን ድሃው ባለ አህያ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፤ በአህያዋ ጀርባ የሚነግደው፣ የሚገነባውና የሚበላው ከተማም ድርሻውን ማዋጣት አለበት።

ነገሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሳንሱሲ ነው። ከጀነራል ዊንጌት በአስኮ አድርጎ ሳንሱሲን የሚያልፈው መንገድ ቡራዩን፣ ገፈርሳን፣ መናገሻንና ሆለታን አቋርጦ አምቦ፣ ከዚያም ነቀምት ይደርሳል። የአዲስ አበባ የምዕራብ በር ነው ማለት ይቻላል። በዚህ በር ከሰልና ማገዶ፣ ገለባና እህል፣ ድንችና ጎመን ይገባል። አይሱዙው ጭነቱን የሚያራግፈው አስፋልት ዳር ነው፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን ኮረኮንችና ዳገት የምትጨርሰው አህያ ናት። ጆንያውን ከእህል መደብር ወደ ወፍጮ ቤት፣ አሸዋውን መኪና ወደማያስገባ ግቢ፣ ውኃ በጠፋ ሰሞን ጄሪካኑን ከቦኖ ወደ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። አንዱ የጀመረውን ሌላዋ ትጨርሳለች፤ መኪናው ብዙ ባመጣ ቁጥር የእሷም ምልልስ ይበዛል። ይህን የሥራ ክፍፍል ሳያይ ስለ ሙያው የወደፊት ዕጣ የሚናገር ሰው ትንቢቱ ከመነሻው የተዛባ ይሆናል።

ዕቅዱ የሚያየው ሌማቱን ነው

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ አገር ናት። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የቅርብ ዓመታት የናሙና ጥናቶች የአህያውን ቁጥር 10 ሚሊዮን ገደማ አድርሰውታል፤ ፈረሱም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው፤ በቅሎው ከእነዚህ በጣም ያንሳል። እንዲህ ያለ ሀብት በዕቅድ ሰነዶቻችን ውስጥ የያዘው ቦታ ግን እጅግ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የእንስሳት ሀብት ማስተር ፕላን ያተኮረው በሥጋ፣ በወተትና በዶሮ ላይ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተትን፣ እንቁላልን፣ ዶሮን፣ ማርንና ሥጋን ይዞ ተነሣ። ሁለቱም የሚያስፈልጉ ሥራዎች ናቸው፤ ሕፃናት ወተትና እንቁላል ማግኘት አለባቸው። ግን ወተቱን ከአርሶ አደሩ ደጅ ወደ መሰብሰቢያው፣ መኖውን ከገበያ ወደ ዶሮ ቤቱ፣ ማሩን ከቆላ ወደ መንገድ ዳር የሚያወጣው ማን ነው? ሌማቱ ላይ የሚቀርበው ተቆጠረ፤ ተሸካሚው ግን ሳይቆጠር ቀረ።

የጋማ ከብት በአብዛኛው የአገራችን ክፍል አይታለብም፣ አይበላም፣ ለውጭ ገበያም አይቀርብም። የሚሰጠው ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ በሊትርና በኪሎ ስለማይለካ ከሒሳብ ይወጣል። ኢጋድ ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ይህን ስሕተት ለማረም ሞክሮ ነበር፤ የእንስሳት ጉልበት ሲታሰብ ዘርፉ ከአገሪቱ የግብርና ምርት 45 በመቶ ገደማ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ይህ ቁጥር ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በወረዳ የእንስሳት ጤና ጣቢያ ግን ዛሬም ክትባቱ የሚታቀደው በዋናነት ለበሬ፣ ለላም፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለዶሮ ነው። አህያ ወደ ጣቢያው የምትመጣው መራመድ ሲያቅታት ነው።

ሳንሱሲ ላይ ሌላ ችግርም ይጨመራል። ባለ አህያው የሚያድረው ብዙ ጊዜ ቡራዩ በኩል ነው፤ ያ ደግሞ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው። አህያዋ ስትሠራ የምትውለው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሁለቱም አስተዳደሮች የእንስሳት ሐኪሞች አሏቸው። ነገር ግን ጠዋት በአንዱ ከተማ ተጭና ከሰዓት በሌላው ከተማ የምታነክስ አህያ የማን ታካሚ ናት? ለወተት ላም ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ በረቷ የት እንደሆነ ይታወቃል። በእግሩ የሚሠራ እንስሳ ግን ድንበር ሲሻገር ከሁለቱም መዝገብ ይወጣል። የጋማ ከብት ጤና በትራንስፖርት ዓይን መታየት አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ፈረስን ስናከብር የኖርን ሕዝብ መሆናችን ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል። የዐድዋ ጀግኖችን የምንጠራው በፈረሶቻቸው ስም ነው፦ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ፣ ራስ መኰንንን አባ ቃኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እንላለን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ኖሯል፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ በዚያ ቀን እንጅባራን ያየ ሰው የፈረስ ዘመን አልፏል ብሎ አይናገርም። ሰላሌም ስለ ፈረሰኞቹ መስካሪ አያሻውም። ፈረሱን በዜማና በሽልማት እናስጌጠዋለን። ሰኮናውን ማን እንደሚያርም፣ ጥርሱን ማን እንደሚያይ፣ ቁርጠት ሲይዘው ማን እንደሚደርስለት ግን በበዓሉ መድረክ ላይ ሲነገር አይሰማም።

ሙያው የሚጠይቀው ዕውቀት

«የእንስሳት ሐኪም የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ላም ያከመ አህያም ያክማል» የሚል ክርክር ከባለሙያዎቹ መካከልም ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። እንደ እኛ ባለ አገር በፈረስ ብቻ ተወስኖ የሚኖር ሐኪም ማብዛት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ግማሹ ግን ጉዳት ያመጣል። ላም ታመነዥካለች፤ ፈረስና አህያ አያመነዥኩም፤ ሣሩ የሚብላላላቸው ከትልቁ አንጀት ሲደርስ ነው። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል የሆድ ቁርጠት በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። በዶሮና በከብት መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ለፈረስ ገዳይ መርዝ ነው። በፈረስ ላይ የተማረ ሐኪም እንኳ አህያን ትንሽ ፈረስ አድርጎ ካያት ይሳሳታል፦ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ከአህያ ሰውነት ቶሎ ስለሚወጡ መጠኑና ሰዓቱ ይለያል። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ፈረስ ተንከባሎ የሚያሳየውን ቁርጠት እሷ ጆሮዋን ጣል አድርጋ በመቆም ብቻ ልታልፈው ትችላለች። መብላት ካቆመች ደግሞ የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ጎርፎ ጉበቷን ይጎዳል። «ዛሬ አልበላችም» የሚለው የባለቤቷ ቃል ለሚያውቅ ሐኪም የአስቸኳይ ጥሪ ነው፤ ለማያውቅ ግን «ነገ ትበላለች» ተብሎ የሚታለፍ ወሬ ነው።

በሽታዎቹም የራሳቸው ናቸው። የጋሪ ፈረሶችን ቆዳ እያቆሰለና መግል እያስያዘ የሚያመነምነው ኢፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለ የፈንገስ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በ28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን አይቶ 18.8 በመቶ የሚሆኑት በዚህ በሽታ መያዛቸውን አረጋግጧል፤ ሞጆ ላይ ቁጥሩ 39 በመቶ ደርሶ ነበር። በደጋማና ቀዝቃዛ ከተሞች ሲያንስ ሞቅ ባሉት ወይና ደጋዎች ይበዛል። በሽታው በደንብ የሚታከመው ገና ሲጀምር ነው፤ ከተስፋፋ በኋላ የሚያድኑት መድኃኒቶች ለጋሪ ባለቤት የማይቀመሱ ናቸው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ደግሞ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል፤ ፈረስን በብዛት ይገድላል፤ የአፍሪካ አህያ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳታሳይ ትሸከመዋለች። ክትባቱ እዚሁ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። በአርሲና በባሌ ደጋ በግንኙነት የሚተላለፈው ዱሪን አለ፤ በቆላው ገንዲ አለ። መንጋጋ ቆልፍና የእብድ ውሻ በሽታ ከእንስሳው አልፈው ባለቤቱን የሚያሰጉ ናቸው። በከተማ ደግሞ ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታልና የገመድ ቁራጭ የአህያን አንጀት ይዘጋል፤ ለዚህ መርፌ መፍትሔ አይሆነውም።

በሳንሱሲ መንገድ ላይ በብዛት የሚታየው ግን የጀርባ ቁስል፣ የሰኮና ችግርና ማነከስ ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ ከመድኃኒት ሳጥኑ በፊት ጭነቱን ማየት አለበት። የአገራችን አህያ ክብደቷ 100 ኪሎ ቢያልፍም ብዙ አያልፍም፤ ባለሙያዎች የሚመክሩት ጭነት ከክብደቷ ሲሶ ገደማ ነው፤ ይኸውም ከ40 ኪሎ የማይበልጥ ማለት ነው። በተግባር ግማሽ ኩንታልና ከዚያ በላይ ትሸከማለች፤ ያውም ከጭነቱ ሥር ይህ ነው የሚባል ድልዳል ሳይኖር። ቁስሉን አጥቦ ቅባት ቀብቶ የሚመልሳት ሐኪም በሳምንቱ ያችኑ አህያ በዚያው ቁስል ያገኛታል። ሕዝቡ ደግሞ የሚገሥጸው አለንጋ የያዘውን ልጅ ነው። ልጁ ግን ጭነቱን አልወሰነም፤ የወሰነው ጆንያውን ያስጫነው ነጋዴ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የጋማ ከብት ሐኪም እውነተኛ ሥራ የሚጀምረው ከነጋዴው፣ ከጫኙና ከድልዳል ሰፊው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ሲችል ነው፤ የስድስቱ ዓመት ትምህርት ይህን ችሎታ በበቂ አይሰጥም።

ነጻ ሕክምና ያተረፈውና ያስቀረው

በኢትዮጵያ የጋማ ከብት ሕክምና ዛሬ ላለበት ደረጃ የደረሰው በአብዛኛው በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። በእንግሊዝ የተመሠረተው ዘ ዶንኪ ሳንክቹሪ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ቢሾፍቱን ማዕከል አድርጎ ሠርቷል፤ ስፓና በ2002፣ ብሩክ በ2006 ተከትለዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም እዚያው ቢሾፍቱ ስለሆነ በተማሪነቱ የአህያን ጥርስ ከፍቶ ያየ፣ የፈረስን ሰኮና ያነሣ ሐኪም ካለ ዕድሉን ያገኘው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ድርጅቶች በኩል ነው። መርካቶ፣ የእህል አህዮች በሚውሉበት አካባቢ፣ ነጻ ክሊኒክ ሲሠራ ቆይቷል። ለዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባል። ማንም ባልነበረበት ጊዜ ነበሩ፤ የዳነችውም አህያ አንድ ቤተሰብ አድናለች።

ሆኖም የነጻ ሕክምናው ያስከተለውን ሌላ ውጤትም መናገር ያስፈልጋል። ባለ አህያው «የአህያ ሕክምና በነጻ ነው» ብሎ ለምዷል። አዲስ የተመረቀ ሐኪም አስኮ ወይም ሳንሱሲ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍቶ ለአህያ ምርመራ ዋጋ ቢጠይቅ የሚሰማው መልስ «ፈረንጆቹ በነጻ ያክሙልናል» የሚል ነው። ስለዚህ ውሻ፣ ዶሮና የወተት ላም ወደሚያስገኙት ገበያ ይሄዳል። ድርጅቱ ደግሞ የሚሠራው ፕሮጀክቱ እስካለ፣ ገንዘቡም ከውጭ እስከመጣ ድረስ ነው። የአንድ አገር 10 ሚሊዮን አህያ ጤና ሌላ አገር ባለ ለጋሽ መልካም ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ለሙያው የሚተርፈው የኮንትራት ዘመን ብቻ ነው፤ ወጣቱ «ፕሮጀክቱ ሲያልቅስ?» ብሎ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ድርጅቶቹ ራሳቸው ይህን አይተው ከማከም ይልቅ ወደ ማሠልጠንና ወደ መከላከል ፊታቸውን ማዞራቸው ትክክል ነው። ክፍተቱን ግን የእኛ ተቋማት አልሞሉትም።

«ክፍያ ከተጀመረ ድሃው አህያውን ያለ ሕክምና ይተዋታል» የሚለውን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። የዕለት ገቢው ከአህያዋ መኖና ከልጆቹ እንጀራ የማይተርፍ ሰው አለ። ቢሆንም ይህ ተቃውሞ ድህነትን እንጂ የባለቤቱን ስሌት አያይም። በሬ እግሩ ቢሰበር ጎረቤት ተሰብስቦ ቅርጫ ይካፈለዋል፤ ባለቤቱ ከዋጋው ከፊሉን ያገኛል፤ በየገጠሩ ለዚህ የተቋቋመ ዕድርም አለ። አህያ ወይም ፈረስ ሲወድቅ ግን የሚተርፍ ነገር የለም። ሥጋውን ጅብ ይወስደዋል፤ ባለቤቱ መጫኛውን ጠቅልሎ ባዶ እጁን ይገባል። ስለዚህ ከሌላው እንስሳ ሁሉ ይልቅ አስቀድሞ መከላከል የሚያዋጣው ለጋማ ከብት ነው። ባለ ጋሪዎችና ባለ አህዮች ይህን አጥተውት አይደለም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጥተው ለክትባትና ለሰኮና እርማት የሚከፍሉበት ማኅበር ቢደራጅላቸው ብዙዎቹ ይገባሉ ብዬ አምናለሁ፤ ዕድርን የፈጠረ ሕዝብ ይህን አያቅተውም። በአገው አዊ ደግሞ ማኅበሩ አስቀድሞ አለ፤ ከበዓሉ ድግስ ጥቂቱን ለፈረሱ ጤና መመደብ የአባላቱ ውሳኔ ብቻ ነው።

ችግሩ ከድህነት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ሀብታሙ ዓለምም ያሳየናል። የአሜሪካ የፈረስ ሐኪሞች ማኅበር እንደሚለው ከሚመረቁት የእንስሳት ሐኪሞች በቀጥታ ወደ ፈረስ ሕክምና የሚገቡት 1.3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ዘርፉን ይለቃሉ። እዚያ ባለ ፈረሱ ድሃ አይደለም። ሐኪሞቹን ያባረራቸው የመጀመሪያ ደመወዙ ከውሻና ከድመት ሕክምና ማነሱ፣ የሌሊት ጥሪው መብዛቱና ብቻቸውን መሥራታቸው ነው። እንግዲህ ሙያን የሚያቆየው የታካሚው ባለቤት ሀብት ብቻ ሳይሆን የሥራው አደረጃጀት ነው። ይህን ከእነሱ ውድቀት መማር እንችላለን።

ሞተር ይተካዋል የሚሉት

ወደ አጎት ጥያቄ ልመለስ። ጋሪን በተመለከተ በከፊል ልክ ናቸው። ባጃጅ በብዙ ከተሞች የፈረስ ጋሪን ከመሀል ወደ ዳር ገፍቶታል፤ የፈረሱም ቁጥር ለዓመታት ብዙ ሳይጨምር ቆይቷል። አህያን በተመለከተ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ መንገዱም መኪናውም በበዛበት ዘመን፣ የአህያው ቁጥር ከ6 ሚሊዮን አካባቢ ተነሥቶ ዛሬ ወዳለበት ደርሷል። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ደግሞ አጭሩን መንገድ በሞተር መጨረስ ይበልጥ እየተወደደ ሄደ። አህያ ነዳጅ አትጠይቅም፤ መለዋወጫዋ በውጭ ምንዛሪ አይገዛም። ሳንሱሲን የመሰሉ፣ ከተማ እየሰፋ ጭቃ መንገድ የሚቀድምባቸው ሰፈሮች እስካሉ ድረስ እሷም ትኖራለች። በገጠር ደግሞ የአህያ መጥፋት ሸክሙን ወደ ሌላ ጀርባ ያዞረዋል፤ ያ ጀርባ የሴት ነው። «አህያ የሌላት ሴት ራሷ አህያ ናት» የሚለውን መራራ አባባል የፈጠረው ይህ ኑሮ ነው፤ ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም።

አህያ ገና ተፈላጊ ለመሆኗ የአህያ ቆዳ ገበያም ምስክር ነው። ቻይና ውስጥ ኤጂያዎ ለሚባል መድኃኒት የሚፈለገው ቆዳ የአፍሪካን አህያ ለቄራ ሲያሳድድ ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. የሕዝብ ቁጣ አስነሥቶ ተዘጋ። ጎረቤታችን ኬንያ ፈቅዳ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2020 ከለከለች፤ በዚያ መሀል የአገሬው ሰው አህያው እየተሰረቀ ሲታረድ አየ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ለቆዳ ሲባል አህያ ማረድን ለ15 ዓመት ከለከሉ። ውሳኔው ትልቅ ነው። አህያ ከሞተች ይልቅ በሕይወት ስትሠራ የበለጠ ዋጋ አላት ብሎ አህጉሩ መሰከረ። ይህን ያለ መንግሥት በሕይወት ላለችው አህያ ሐኪም ካልመደበ ግን እገዳው ግማሽ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ማን ይክፈል?

ወደ ውሳኔ ሐሳቤ ልምጣ። በጋማ ከብት ላይ ብቻ የሚሠራ ሐኪም በየወረዳው ይቀጠር አልልም። የሚያስፈልገን አጠቃላይ ሐኪም ሆኖ በጋማ ከብት በእውነት የሠለጠነ ሰው ነው፤ ጠዋት በጭነት መግቢያው በር፣ ከሰዓት በቡራዩና በሆለታ የወተት ላሞች ዘንድ የሚሠራ። የጋማ ከብት ሥራው ደመወዝ ከሦስት ወገን ይዋጣ። ገበያው የመጀመሪያው ነው፤ በእህል፣ በከሰልና በግንባታ ዕቃ ገበያዎች ከሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ ጥቂት ሳንቲም ለጭነት እንስሳ ጤና ቢመደብ ነጋዴው አያማርርም፤ ዕቃው ወደ ደንበኛው የሚደርሰው በእነሱ ነውና። ባለ አህዮችና ባለ ጋሪዎች በማኅበራቸው በኩል አነስተኛ ወርኃዊ መዋጮ ያድርጉ። በጎ አድራጎት ድርጅቶቹም ነጻ መርፌ ከመውጋት ይልቅ እጅግ ለደኸየው ባለ አህያ ክፍያውን በኩፖን ይሸፍኑለት፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ በአገሬው ሐኪም እጅ ያልፋል፤ ሐኪሙም ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም።

የመግቢያው በር ጥቅሙ ከገንዘብም ያልፋል። በአንድ ጠባብ መንገድ በየቀኑ ብዙ አህያና ፈረስ በሚያልፍበት ቦታ ክትባት መስጠት፣ ቁስል ሳይብስ ማየት፣ ከባድ ጭነት ማስቀነስ፣ አዲስ በሽታ ሲገባ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በየቤቱ ዞሮ 10 አህያ የሚያይ ሐኪም በበሩ ቆሞ ብዙ እጥፍ ያያል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶቻችንም፣ ቢሾፍቱም ጎንደርም ጅማም፣ ተማሪዎቻቸውን እንዲህ ባለ በር ላይ ለልምምድ ቢልኩ በመማሪያ ክፍል የማይገኘውን ጭነትና ጀርባ ያያሉ። ድልዳል የሚሰፋ፣ ሰኮና የሚያርም ሠልጣኝ በቀላሉ የሚወጣውም ከዚያ ነው፤ ይህ ሥራ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ለሰፈሩ ወጣት ግን እንጀራ ይሆነዋል።

ለተማሪውና ለቤተሰቡ የምለው አለኝ። ይህን ሙያ በፍቅር ብቻ አትግቡበት፤ ዛሬ የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ በፈረስና በአህያ ብቻ ቤት ማስተዳደር ገና አይቻልም። ግን በላምና በውሻ ላይ የጋማ ከብትን ዕውቀት የጨመረ ሐኪም ሌላው የማይችለውን ይችላል፤ ጎኑ ላይ የሚቆም ተፎካካሪም ብዙ የለውም።

የቀረው የሁለቱ ከተሞች ፋንታ ነው። የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ አስተዳደሮች በሳንሱሲና በቡራዩ መካከል አንድ የጋራ የጭነት እንስሳት ሕክምና ጣቢያ ያቋቁሙ፤ ውኃ መጠጫ ገንዳ፣ ጥላ፣ አንድ ሐኪምና ሁለት ረዳት ይበቁታል። ወጪውን ከገበያ አገልግሎት ክፍያ ይካፈሉት። በሚቀጥለው ዓመት በጀታቸው ውስጥ ይግባ።